በልክ የተቀላቀለ ሽፋን
(ለሳይንስ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



ዝናብ ካባራ በኋላ በአስፋልት ውሃ ላይ የፈሰሰ ዘይት ቀይና ሰማያዊ ሲያብረቀርቅ ሁላችንም አይተናል። ዘይቱ ያን ሁሉ ቀለም በውስጡ አልያዘም። እጅግ ስስ ስለ ሆነ፤ ከላይኛውና ከታችኛው ገጹ የሚመለሱት ብርሃኖች ሲገናኙ አንዱ ቀለም ይጎላል፤ ሌላው ይጠፋል። በአስፋልቱ ላይ እንዲያው የሚሆነውን በቤተ ሙከራ በልክ ማድረግ ይቻላል፤ የዛሬው ንግግሬም ስለዚህ ነው።

የፀሓይን ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ሲሊከን፤ ገጹ ልሙጥ ሲሆን ከሚያርፍበት ብርሃን ሲሶ ያህሉን ይመልሰዋል። የተመለሰው ብርሃን ኤሌክትሪክ አይሆንም፤ ባከነ ማለት ነው። ብክነቱን ለመቀነስ ስስ ሽፋን ይደረግበታል። ሽፋኑም ሁለት ነገር ሊያሟላ ይገባዋል። አንደኛ፤ የስብረት ቁጥሩ፤ ማለት ብርሃን በውስጡ ስንት እጥፍ እንደሚዘገይ የሚያሳየው ቁጥር፤ 2 ገደማ መሆን አለበት። ሁለተኛ፤ ውፍረቱ በሽፋኑ ውስጥ ካለው የሞገድ ርዝመት ሩቡን መሆን አለበት። ይህም በአየር ውስጥ 600 ናኖሜትር ለሆነ ብርሃን 75 ናኖሜትር ነው።

የሲሊከን ኦክሳይድ ቁጥር 1.46 ስለ ሆነ ያንሳል፤ የቲታንየም ኦክሳይድ ደግሞ ከ2 ያልፋል። ሁለቱ ሲቀላቀሉ ግን ቁጥሩ በመካከል ይውላል፤ ቲታንየሙ ሲበዛ ከፍ፤ ሲያንስ ዝቅ ይላል። እንግዲህ አንዱ ብቻውን ያልሰጠንን ቁጥር በድብልቅ እናገኘዋለን።

አሠራሩ በጣም የረቀቀ መሣሪያ አይጠይቅም። የሁለቱ ውሁዶች በአልኮል ይሟማሉ፤ የሚሸፈነው ነገር ይነከራል፤ ቀስ ተብሎ ይወጣል፤ ከዚያም በ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይተኰሳል። ፈጥነው ያወጡት ይወፍራል፤ አዝግመው ያወጡት ይሳሳል።

እኔ በመጀመሪያው ሙከራዬ ቸኰልሁ። ሽፋኑ ወፈረና በምድጃው ውስጥ እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጠቀ። ይህስ ባልከፋ ነበር፤ የከፋው ሌላ ነው። ቆይቶ አንድ መልካም ሽፋን ወጣልኝ፤ በደብተሬ ላይ ግን የድብልቁን መጠን እንጂ ያወጣሁበትን ፍጥነት አልጻፍሁም ነበር። ቀለሙን አይቼ ልደግመው ሞከርሁ፤ አልሆነልኝም። ትልቅ ቁጥር ያለው ስስ ሽፋንና ትንሽ ቁጥር ያለው ወፍራም ሽፋን አንድ ቀለም ሊያሳዩ ይችላሉና ዓይን ብቻውን ይሳሳታል።

ስለዚህ ጓደኞቼ፤ ድብልቁንም ፍጥነቱንም እንጻፍ፤ የተሰነጠቀውንም ጭምር። ያልተጻፈ ሙከራ ለሠራው እንኳ አይመለስም፤ የተጻፈው ግን ከእኛ በኋላ ለሚመጡት መነሻ ይሆናል።