የደብዳቤ ጉዞና የድኅረ ምረቃ ተማሪ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጅ ኮሚቴው በዚህ ጉባኤ ላይ ንግግር እንዳቀርብ ሲጠይቀኝ ስለ መንገድ ሥራ ወይም ስለ አርማታ እንደምናገር ሳይገምት አልቀረም። እኔ ግን የመረጥሁት ከማናችንም ጠረጴዛ ላይ የማይታጣውን፣ ሆኖም በሙያችን ዓይን መርምረነው የማናውቀውን ነገር ነው፤ ይኸውም ደብዳቤ ነው። ከመካከላችን ለሁለተኛ ዲግሪ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚመለሰው መሐንዲስ ከማመልከቻው ቀን አንሥቶ የመመረቂያ ጽሑፉን ርእስ እስኪያስጸድቅ ድረስ ስለሚያልፍበት የጽሕፈት ቤት ጎዳና እናገራለሁ።

ጉዳዩ ቀላል መስሎ የሚታየው ቢኖር አልፈርድበትም። ነገር ግን ትምህርቱን ጀምሮ ያቋረጠውን ባልደረባችሁን ምክንያቱን ጠይቁት፤ «ፈተናው ከበደኝ» ሳይሆን «ጉዳዬ አላልቅ አለኝ» ሲላችሁ ብዙ ጊዜ ትሰማላችሁ። ሒሳብ ያላሸነፈውን ሰው ቅጽ ሲያሸንፈው ማየት ለሙያችን ኪሳራ ነው።

በአባቶቻችን ጊዜ ችግሩ ሌላ ነበር። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በ1954 ዓ.ም. ሲመረቅ በምሕንድስና ሁለተኛ ዲግሪ የሚሻ ሰው ባሕር ማዶ መሻገር ነበረበት። ተቋሙ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከተባለ በኋላ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤቱ በ1978 እ.ኤ.አ. ተቋቋመ፤ ዛሬ ደግሞ በባሕር ዳርም፣ በጅማም፣ በመቀሌም፣ በአዳማም ይህ ትምህርት ይሰጣል። የሚሻገረው ባሕር ቀርቶ የሚሻገረው ኮሪዶር ሆኗል ማለት ይቻላል።

እንግዲህ አንድ ደብዳቤ ገብቶ መልስ ሆኖ እስኪወጣ የሚሄድበትን መንገድ እግር በእግር እንከተለው። ማመልከቻው በመጀመሪያ መዝገብ ቤት ይቀርባል። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ የገቢ ቁጥርና ቀን ሰጥታ ማኅተም ትመታበታለች። ከዚያ ወደ ኃላፊው ጸሐፊ ይሄዳል፤ እርሷም ከሌሎች ደብዳቤዎች ጋር በአቃፊ አድርጋ ታቀርበዋለች። ኃላፊው አንብቦ በኅዳጉ ላይ «ታይቶ መልስ ይሰጥ» ብሎ ይመራዋል። የተመራው ደብዳቤ ግን በቀጥታ ለተመራለት ሰው አይደርስም፤ ወደ መዝገብ ቤት ተመልሶ ለማን እንደ ተመራ ይመዘገባል። ቀጥሎ ባለሙያው ያየዋል፤ ፋይል አስወጥቶ ያመሳክራል፤ መልስ ያረቃል። ረቂቁ ይተየባል፤ ለፊርማ ወደ ኃላፊው ይመለሳል፤ ተፈርሞ ሲወርድ መዝገብ ቤት የወጪ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ግልባጩም በፋይል ይቀራል። ቆጥራችሁ እንደ ሆነ ወረቀቱ ስምንት ጊዜ እጅ ለውጧል።

ይህ ሁሉ ያለ ምክንያት የተሠራ አይደለም። የገቢ ቁጥሩ ደብዳቤው አልደረሰንም እንዳይባል፣ መመራቱ ኃላፊነቱ የማን እንደ ሆነ እንዲታወቅ፣ ግልባጩም ከዓመት በኋላ ማስረጃ እንዲገኝ ነው። ችግሩ ተማሪው ይህን መሣሪያ ሳይጠቀምበት መቅረቱ ነው። ማመልከቻውን አስገብቶ የገቢ ማኅተም ያረፈበትን ቅጂ ለራሱ ሳያስቀር ይሄዳል። ከሁለት ሳምንት በኋላ መጥቶ «ጉዳዬ ምን ደረሰ?» ይላል። የዚህ ጥያቄ መልስ ምን ጊዜም «ገና ነው» ነው። «በዚህ ቀን፣ በዚህ ቁጥር የገባው ደብዳቤ ለማን ተመራ?» ብሎ የጠየቀ ግን መዝገቡ ይገለጥለታል፤ የሰው ስምም ይሰጠዋል። ልዩነቱ የጨዋነት ወይም የድፍረት አይደለም፤ አንደኛው ጥያቄ መዝገብ ውስጥ መልስ አለው፣ ሌላው የለውም።

እኔም በአንድ ተቋም የገባ የራሴን ደብዳቤ በየጠረጴዛው ተከትዬ ቀናቱን በማስታወሻዬ ይዤ ነበር። መልሱ የወጣው በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ነው። ሰዎቹ በእጃቸው ይዘው የሠሩበትን ጊዜ ስደምረው ግን አንድ ሰዓት አይሞላም። የቀረው ሁሉ ወረቀቱ በአቃፊ ውስጥ ተኝቶ ያደረበት ነው። ስለዚህ የጸሐፊዋን የመተየብ ፍጥነት እጥፍ ብናደርገው ተማሪው የሚያተርፈው ደቂቃ እንጂ ቀን አይደለም።

ሁለተኛው ነገር ቅደም ተከተል ነው። የዱፖንትና የሬሚንግተን ራንድ ባለሙያዎች በ1957 እ.ኤ.አ. ገደማ የነደፉትን የወሳኝ መንገድ ስሌት ሁላችንም በግንባታ ሥራ እንጠቀምበታለን፤ የትኛው ሥራ የትኛውን እንደሚቀድም ሠንጠረዥ ሳናወጣ መሠረት የምንቆፍር አንድም የለንም። ወደ ዩኒቨርሲቲ ስንመለስ ግን ይህን እውቀት በር ላይ ጥለነው እንገባለን። ከሁሉ የሚረዝመውን መስመር ልጥቀስ። አዲሱ ዩኒቨርሲቲ ትራንስክሪፕቱ ታሽጎ ከቀድሞው ዩኒቨርሲቲ በቀጥታ እንዲላክለት ይፈልጋል። የቀድሞው ሬጅስትራር ደግሞ ተመራቂው የወጪ መጋራት ግዴታውን መወጣቱን ማስረጃ ይጠይቃል። ማስረጃው የሚገኘው ከደመወዝ የተቆረጠው ገንዘብ ለገቢ ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት መግባቱ ሲረጋገጥ ነው። ይህንንም የሚያውቀው የአሠሪው የሒሳብ ክፍል ነው። እነሆ አራት መሥሪያ ቤቶች በአንድ ገመድ ታስረዋል፤ አንዱም ሌላውን አያይም። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሚያየው ተማሪው ብቻ ነው። እንዲህ ከሆነ ይህ መስመር መጀመር ያለበት የማመልከቻው ማስታወቂያ ሲወጣ ሳይሆን ከዚያ ብዙ ወራት አስቀድሞ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የመጣው ብሔራዊ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ሁሉ ሰው የሚጨነቅበት ቢሆንም ቀኑ የታወቀ ስለ ሆነ እምብዛም አያሰናክልም።

ከዚህ የከፋው ዙሪያ ጥምጥም የሆነው ነው። ትምህርት ክፍሉ «የስፖንሰር ደብዳቤ ካልመጣ የመቀበያ ደብዳቤ አንሰጥም» ይላል፤ አሠሪው መሥሪያ ቤት «የመቀበያ ደብዳቤ ሳናይ ስፖንሰር አንሆንም» ይላል። ሁለቱም በየደንባቸው ልክ ናቸው፤ ተማሪው ግን በመካከል እንደ ኳስ ይመላለሳል። ቋጠሮው የሚፈታው በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ አሠሪው «ሠራተኛችን በዩኒቨርሲቲው ተቀባይነት ካገኘ የትምህርት ወጪውን እንደምንሸፍን እናረጋግጣለን» ብሎ በቅድመ ሁኔታ ቢጽፍ ሁለቱም ወገኖች ደንባቸውን ሳይጥሱ ይስማማሉ። ይህን ዓረፍተ ነገር ያወቀ ተማሪ ወር ያተርፋል፤ ያላወቀው ዓመት ያልፈዋል።

ስለ ሰልፍም ጥቂት ልበል። የዴንማርኩ ኤርላንግ በኮፐንሃገን የስልክ ኩባንያ ውስጥ ሲሠራ በ1909 እ.ኤ.አ. ያወጣው ጥናት የሰልፍ ስሌት መነሻ ነው። ተገልጋይ እንደ ዕድል በሚመጣበትና አንድ አገልጋይ ብቻ በተቀመጠበት ቀላል ስሌት መሠረት፣ መስኮቱ ከጊዜው 50 በመቶውን ብቻ ሲሠራ በመስኮቱ ዘንድ የሚገኘው ሰው በአማካይ አንድ ነው። ሥራው 90 በመቶ ሲሆን ዘጠኝ፣ 95 በመቶ ሲሆን አሥራ ዘጠኝ ይሆናል። ከ90 ወደ 95 የተጨመረው አምስት ብቻ ሲሆን ሰልፉ ግን ከእጥፍ በላይ ረዘመ። በምዝገባ ሳምንት ደግሞ ሰው እንደ ዕድል አይመጣም፤ በመጀመሪያው ቀን ማለዳና በመጨረሻው ቀን ከሰዓት በኋላ ተግተልትሎ ይመጣል። ስለዚህ ከመስኮቱ ወዲያ ያለችውን ሠራተኛ ሰነፍ ናት ከማለታችን በፊት በእኛ አመጣጥ ላይ ስሌት እንሥራ። በመካከለኛዎቹ ቀናት የመጣ ሰው ብዙ ጊዜ ተራ ሳይጠብቅ ይስተናገዳል። አሁን ምዝገባው በየቦታው በኢንተርኔት ሆኗል፤ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው፤ ሆኖም «በሂደት ላይ» የሚለው ቃል በስክሪኑ ላይ ለሳምንታት ሲቆም ሰልፉ ከዓይን ተሰወረ እንጂ አልጠፋም።

ዓይን የማያየው ሰልፍ ከሁሉ የሚያደክመውም ነው። የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ የኮርስ ትምህርቱን ሲጨርስ መስኮት ያለው ሥራ ያልቅለታል፤ አማካሪ የማስመደቡና የጥናት ዕቅዱን የማስጸደቁ ሥራ ይቀጥላል። በዚህ ጊዜ የሚቆምበት ሰልፍ የለም፤ የሚሰጠው ተራ ቁጥር የለም። ዕቅዱ የሚታየው የትምህርት ክፍሉ የድኅረ ምረቃ ኮሚቴ ሲሰበሰብ ነው፤ ኮሚቴው የሚሰበሰበው አባላቱ ሲሟሉ ነው፤ አባላቱም ያስተምራሉ፣ ይፈትናሉ፣ ያማክራሉ፣ ለመስክ ሥራም ይወጣሉ። ስብሰባው አንድ ሳምንት ሲያልፍ ፈተና ይደርሳል፤ ከፈተናው በኋላ የሴሚስተር ዕረፍት ይመጣል። በደመወዝ የሚኖር መሐንዲስ በዚህ ወቅት ወደ ሥራ ቦታው ይመለስና «አማካሪዬ ሲጠራኝ እመጣለሁ» ብሎ ይቀመጣል። አማካሪውም «ተማሪው ሲያቀርብልኝ አያለሁ» ብለው ይቀመጣሉ። እንዲህ ሁለት ጨዋ ሰዎች እየተከባበሩ አንድ ዓመት ይቃጠላል። ብዙዎች የሚወድቁት በዚህ ስፍራ ነው ባይ ነኝ። ለዚህ የማውቀው መድኃኒት ከአማካሪ ጋር ከመለያየት በፊት ቀጣዩን ቀን መቁረጥ፣ የተባለውንም በዚያው ዕለት በአንድ ገጽ ጽፎ መላክና የኮሚቴውን የስብሰባ ቀን ከጸሐፊዋ አስቀድሞ መጠየቅ ነው።

አንዳንድ ባልደረቦቼ ይህን ሁሉ ሰምተው «ሰው ካለህ ይህ ሁሉ ምን ያደርጋል?» ማለታቸው አይቀርም። ደጅ ጥናት በአገራችን ረጅም ታሪክ አለው፤ ሹመትም ርስትም ፍርድም በጌታ ደጅ ሲጠና ኖሯል፤ አጋፋሪውን የያዘ ቀድሞ ይገባ ነበር። ነገር ግን በዚያ ዘመን የሚጠናው ሞገስ ነበር፤ የዛሬው ተማሪ የሚጠይቀው ሞገስ ሳይሆን የተጻፈ መብት ነው። በዘመድ በኩል ከአቃፊው ሥር ወደ ላይ የወጣ ደብዳቤ የሌላውን ወደ ታች ማውረዱን አንርሳ፤ የሚወርደውም ብዙ ጊዜ ከክፍለ ሀገር የመጣው፣ በከተማው ማንንም የማያውቀው ነው። ለጸሐፊዋ አክብሮት ማሳየት ግን ሌላ ነገር ነው። የት ምን እንዳለ ከሁሉ አብልጣ የምታውቀው እርሷ ናት፤ ስሟን ጠርቶ ሰላምታ መስጠት ጉቦ አይደለም።

እስካሁን የተናገርሁት ለተማሪው ነው። አሁን ደግሞ ከጠረጴዛው ወዲያ ለተቀመጣችሁት አባላት አንድ አቤቱታ አለኝ፤ ከእናንተ ብዙዎቹ የመምሪያ ኃላፊዎች ናችሁና። የአንድ መሐንዲስ የስፖንሰር ደብዳቤ ሲቀርብላችሁ ከሦስት ነገሮች አንዱን ብቻ አድርጉ፤ ፈርሙ፣ አልፈርምም በሉ፣ ወይም የጎደለውን ጽፋችሁ መልሱ። በአቃፊ ውስጥ አታሳድሩት። የምታስፈርሙትም የግዴታ ውል የዓመታቱን ቁጥርና ትምህርቱ በተማሪው ጥፋት ሳይሆን ሲዘገይ ምን እንደሚሆን በግልጥ ይናገር። በሳምንት ሁለት ከሰዓት ለትምህርት የፈቀዳችሁለትንም ሰው በእነዚያ ሰዓታት ወደ ሥራ ቦታ አትጥሩት።

ለማኅበራችን ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴም የማቀርበው ሐሳብ አለ። በቅድመ ሁኔታ የሚጻፈውን የስፖንሰር ደብዳቤ ናሙና፣ የትራንስክሪፕቱን መስመርና በየደረጃው የሚፈጀውን ቀን የያዘ አንድ ገጽ ረቂቅ አዘጋጅቼ ለጽሕፈት ቤቱ አስረክቤአለሁ። የቀናቱ ዓምድ ባዶ ነው፤ የእኔ ልምድ የአንድ ሰው ብቻ ስለ ሆነ አልሞላሁትም። ባለፉት ሦስት ዓመታት ትምህርታቸውን የፈጸሙ አባላት የየራሳቸውን ቀናት እንዲሞሉበት፣ ያቋረጡም የቆሙበትን ጠረጴዛ እንዲያመለክቱ እጠይቃለሁ። ሉሁ ከአዳራሹ መውጫ ባለው ጠረጴዛ ላይ ይገኛል።