የጥቅምት ዝናብ የማን ጠላት ነው?

ጥቅምት ሲጋመስ ወቅቱን ያልጠበቀ ዝናብ ይመጣልና የደረሰ ሰብል ፈጥናችሁ ሰብስቡ የሚለውን ማሳሰቢያ ደጋግመን እንሰማለን። ለምን?

በጎጃምና በሸዋ ደጋና ወይና ደጋ ጤፍና ስንዴ ደርቀው ለማጭድ የሚደርሱት ክረምቱ ወጥቶ ፀሐይና ነፋስ ሲያገኙ ነው። በዚህ መሀል ዝናብ ከወረደ ጤፉ ይጋሸባል፤ መሬት የተኛ ጤፍ ደግሞ ለአጨዳ አይመችም፣ ፍሬውም ይረግፋል። የታጨደውም ቢሆን አላመለጠም። እርጥብ ነዶ ከተከመረ ውስጡ ይሞቅና ይሻግታል፤ ስንዴው እዚያው ክምሩ ላይ ሊበቅል ይችላል። ነጭ ጤፍ መልኩ ከጠቆረ ገበያ ላይ ዋጋው ይወርዳል። ጭዱም አይረሳ፤ የሻገተ ጭድ ለበሬ መኖ አይሆንም።

ታዲያ ዝናቡን እንርገመው? እንዳትቸኩሉ። ለቦረናና ለአብዛኛው የሶማሌ ክልል አርብቶ አደር ይህ ጊዜ ሁለተኛው የዝናብ ወቅት ነው፤ ቦረና ሀገያ፣ ሶማሌ ዴር ይለዋል። ግጦሹ የሚያገግመው፣ ኩሬው የሚሞላው በእሱ ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲከሽፉ ከብቱ እንዴት እንዳለቀ አንረሳም። በ2016 ግን ዴር ከኤልኒኖ ጋር መጥቶ በሶማሌ ክልል ጎርፍ ሆነ።

ስለዚህ ትንበያ ስትሰሙ ለየትኛው አካባቢ እንደተነገረ ለዩ። የደጋ ገበሬዎቻችን ደግሞ የደረሰውን እጨዱ፤ ነዶውን ሳይደርቅ አትከምሩ፤ ክምሩንም ውኃ ከማይተኛበት ከፍ ያለ ቦታ አድርጉት፤ ሸራ ያላችሁም ሸፍኑት።