ለቦይ መዋጮ የተሸጠ መሬት
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



በመስኖ የሚያለማ አርሶ አደር ሁሉ የሚያውቀው አንድ ችግር አለ። ለደለል ጠረጋ ሲጠራ ገሚሱ ይቀራል፤ ውኃ ሲለቀቅ ግን ሁሉም ማሳው ዳር ይቆማል። የውኃ አባቱም የከፈለውን ካልከፈለው ለይቶ ለማጠጣት ይቸገራል። ባልከፈለው ላይ ምን ይደረግ የሚለው ጥያቄ የአገራችን ብቻ አይደለም። ከመቶ ዓመት በላይ በፊት በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ ግዛት፣ የሆነው ለዚህ ጥሩ ትምህርት ይሰጣል።

ካሊፎርኒያ በ1887 እ.ኤ.አ. የራይት ሕግ የተባለ የመስኖ ሕግ አወጣች። በሕጉ መሠረት ከመራጮቹ ከሦስት ሁለት እጁ ከደገፉ በአካባቢው የመስኖ ወረዳ ይቋቋማል። ወረዳው ቦንድ ሸጦ ግድብና ቦይ ይሠራል፤ ዕዳውን ደግሞ በመሬት ላይ በሚጥለው መዋጮ ይከፍላል። ባለመሬቱ በጊዜው ካልከፈለ ማስታወቂያ ይወጣና መሬቱ ለሐራጅ ይቀርባል። የሚያሸንፈውም ውዝፉንና ወጪውን ከፍሎ ከመሬቱ ትንሹን ቁራሽ ለመውሰድ የተስማማው ነው።

ፎልብሩክ በተባለው ወረዳ ማሪያ ኪንግ ብራድሊ የተባሉ ባለመሬት የተጣለባቸውን 51 ዶላር ከ31 ሳንቲም ሳይከፍሉ ቀሩ። መሬታቸውም ተሸጠ። እርሳቸው ግን ሰነዱ ለገዢው እንዳይተላለፍ ክስ መሠረቱ። ክርክራቸው ያለ አግባብ ንብረት ተነጠቅሁ የሚል ነበር። የሥር ፍርድ ቤት ፈረደላቸው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን እ.ኤ.አ. በኅዳር 1896 ፍርዱን ሻረው። ዝናብ አጠር በሆነ አገር ውኃ ማምጣት የሕዝብ ጥቅም ነው፤ ባለመሬቱም ቅሬታውን የሚያሰማበት መንገድ በሕጉ አለ ሲል ወሰነ። ሁለት ዳኞች በልዩነት ወጡ።

ሆኖም በፍርድ ማሸነፍ ብቻውን ቦይ አልሞላም። በሕጉ ከተቋቋሙት ወረዳዎች አብዛኞቹ ፈረሱ። ቱርሎክና ሞዴስቶ የተባሉት ሁለቱ ግን በ1893 እ.ኤ.አ. ላግራንጅ ግድብን በጋራ ሠርተው ጨረሱ፤ ዛሬም ለገበሬዎቻቸው ውኃ ያከፋፍላሉ።

በአገራችን ሁኔታው የተለየ ነው። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም ይላል። በመሆኑም ማኅበር መሬት ሸጦ ውዝፍ ሊሰበስብ አይችልም። የመስኖ ውኃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 841/2006 ለማኅበራቱ ሕጋዊ መሠረት ሰጥቷል፤ ዋናው ጉልበት ግን የአባላቱ ስምምነት ነው።

ስለዚህ የመዋጮው መጠን ከዘር ወቅት በፊት በጠቅላላ ጉባኤ ይወሰን። የመክፈያው ጊዜ አዝመራው ተሰብስቦ ገንዘብ እጅ የሚገባበት ይሁን። ለቸገረው አባል ደለል ጠረጋው በገንዘቡ ፈንታ ይያዝለት። ገቢና ወጪው በጉባኤ ፊት ይነበብ፤ ገንዘቡ የት እንደገባ ያወቀ ሰው ለመክፈል አያመነታም። ቅሬታ ያለውም ቀድሞ ይደመጥ። ወይዘሮ ብራድሊን ፍርድ ቤት ያደረሳቸው 51 ዶላሩ ብቻ አልነበረም፤ ያለ ፈቃዴ ተወሰነብኝ የሚለው ቅሬታም ነበር።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።

መልካም በዓል!