ዝም በዪ አንበላት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፤ የዳዊት ልጅ ትዕማር በአባቷ ልጅ በአምኖን በተደፈረች ጊዜ፣ ዐመድ ነስንሳ እየጮኸች ሄደች። ወንድሟ አቤሴሎም ግን ዝም አሰኛት፤ በቤቱም ብቸኛ ሆና ቀረች።

በአገራችንም፣ በአርሲ፣ አበራሽ በቀለ በ14 ዓመቷ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1996 ተጠልፋ ተደፈረች። ስታመልጥ ጠላፊዋን ገድላ ብትከሰስ፣ ፍርድ ቤቱ ራሷን መከላከሏን ተረድቶ በነጻ አሰናበታት። ኋላም የደረሰባትን በአደባባይ ተናገረች። ጠላፊ የጠለፋትን ቢያገባ ከቅጣት ያድነው የነበረው ሕግም በ2005 ቀረ።

ነውሩ የበዳዩ እንጂ የተበዳይዋ አይደለም። እኛም በንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ በጎፋም ሆነ በሳሪስ፣ አንዲት እኅት ቍስሏን ልትናገር ስትጀምር «ለቤተ ሰብ ክብር ስትዪ ተዪው» ብንላት፣ የአቤሴሎምን ሥራ መሥራታችን ነው። እንስማት፤ ከጎኗም እንቁም።

የተገፉትን ጩኸት የሚሰማ አምላክ ሰሚ ጆሮ ይስጠን። ወስብሐት ለእግዚአብሔር።