ከመዝገብ የምትጠፋው ቀን

ዛሬ ስለ መዝገብ አጠያየቅ ጥቂት ቃል ላሰማችሁ አስቤአለሁ።

በዳባት ወረዳ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የምርምር ማዕከል ከ1989 ዓ.ም. አንሥቶ ልደትንና ሞትን ከቤት ወደ ቤት እየዞረ ሲመዘግብ ኖሯል። እንዲህ ያለ መዝገብ በኮምፒዩተር ሲያዝ፥ የፕሮግራም ጸሐፊውን ጥያቄ ወደ መዝገቡ ቋንቋ የሚመልስ አስተርጓሚ በመካከል ይቆማል። አስተርጓሚውም የተባለውን እንጂ የታሰበውን አያውቅም።

የ2016 ዓ.ም. ልደቶችን ፈልገን «ከሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 እስከ ሴፕቴምበር 10 ቀን 2024» እንበለው፤ ይኸውም ከመስከረም 1 እስከ ጳጉሜን 5 ማለት ነው። መዝገቡ ቀኑን ከነሰዓቱ የሚይዝ እንደ ሆነ፥ አስተርጓሚው የመጨረሻዋን ቀን ገና በእኩለ ሌሊት መባቻዋ ላይ ይዘጋታል። ጳጉሜን 5 ቀን ረፋድ ላይ የተወለደው ሕፃን ከቁጥር ወጣ ማለት ነው! ጃንጎ የተባለው መሣሪያ መመሪያም ይህንኑ ያስጠነቅቃል።

መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ «ከሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ጀምሮ፥ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2024 ሳይገባ» ማለት ይበቃል። ጳጉሜን በየአራት ዓመቱ 6 ቀን ስለምትሆን፥ መጨረሻዋን ከመገመት የሚቀጥለውን መስከረም 1 ወሰን ማድረግ ይሻላል።

ክትባቱም በጀቱም የሚታሰበው በቁጥር ነው። ስለዚህ መዝገብ በአደራ የተቀበላችሁ ወገኖች፥ በድምሩ ላይ ከመፈረማችሁ በፊት የመጨረሻዋን ቀን ለብቻዋ ጠይቋት።