ሕጉ የተለወጠ ጨዋታ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን ከታሪክ ክበብ አባሎች አንዱ ያደረገው ንግግር)



በዚህ በታላቅ በዓል ቀን ስለ ጨዋታ ለመናገር መነሣቴ ለአንዳንዶቻችሁ ቀላል ነገር መስሎ ይታይ ይሆናል። ነገር ግን ጨዋታም እንደ መንግሥት ሕግ አለው። አንድ ሰው የለመደው ሕግ ተለውጦ ባገኘው ጊዜ ምን ሊያደርግ ይገባዋል? የዛሬው ንግግሬ የሚመለከተው ይህን ጥያቄ ነው።

«ሰንጠረዥ» የሚለውን ቃል ሁላችን ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጀምረን እናውቀዋለን። የማባዛት ሰንጠረዥ እንላለን፤ የክፍል ጊዜ ሰንጠረዥ እንላለን። ቃሉ ግን በመጀመሪያ የአንድ ጨዋታ ስም ነበር። ጨዋታው ከ6ኛው መቶ ዓመት ገደማ ጀምሮ በሕንድ አገር ይታወቅ ነበር፤ በዚያም አራቱን የጦር ክፍሎች፥ እግረኛውን፥ ፈረሰኛውን፥ ዝሆኑንና ሠረገላውን በገበታ ላይ አሰለፈ። ከሕንድ ወደ ፋርስ ተሻገረ፤ ዐረቦችም ከፋርስ ተቀብለው ሻጥራንጅ አሉት። እኛም ሰንጠረዥ አልነው። ያው ጨዋታ በሌላ መንገድ አውሮፓ ደርሶ ዛሬ ቼዝ የሚባለው ሆነ።

በአገራችን ጨዋታው የነገሥታትና የመኳንንት ነበር። በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ዐፄ ልብነ ድንግል በቤተ መንግሥታቸው ከነበረ ከአንድ የቬኒስ ሰው ጋራ ይጫወቱ እንደ ነበር ተጽፏል። ሄንሪ ሶልት የተባለው እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1814 ባሳተመው መጽሐፉ የትግራዩ ራስ ወልደ ሥላሴ ሰንጠረዥ ሲጫወቱ ማየቱን ይተርካል። እ.ኤ.አ. በ1971 ደግሞ ሪቻርድ ፓንክረስት የጨዋታውን ታሪክና ሕግ ሰብስበው በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት አሳትመዋል። እንግዲህ ጨዋታው ከእጃችን ቢወጣም ከመጽሐፍ አልጠፋም ማለት ነው።

አሁን ወደ ሕጉ ልግባ። ገበታው ብዙ ጊዜ ቀይ ጨርቅ ነበር። በቁመት ሰባት፥ በአግድም ሰባት ጥቁር ወይም ሰማያዊ ጥብጣብ ይሰፋበትና 64 ቤት ይሆናል። ቤቶቹ እንደ ቼዝ ነጭና ጥቁር አይደሉም። ስለዚህ በማእዘን የሚሄደውን መንገድ ለማየት ዓይን ልምምድ ያስፈልገዋል።

በገበታው ላይ ንጉሥ፥ ፈርዝ፥ ፊል፥ ፈረስ፥ ደርና መደቅ ይሰለፋሉ። ንጉሥ በየአቅጣጫው አንድ ቤት ይሄዳል። ፈረስና ደር በቼዝ እንዳለው ፈረስና ግንብ ናቸው። ፈርዝ የንጉሡ አማካሪ ነው፤ በማእዘን አንድ ቤት ብቻ ይራመዳል። ፊል በዐረብኛ ዝሆን ማለት ነው፤ በማእዘን ሁለት ቤት ይዘላል፤ በመካከል የቆመ ቢኖርም አያግደውም። መደቅ እግረኛው ነው፤ ሁልጊዜ አንድ ቤት ወደ ፊት ይሄዳል፤ በመጀመሪያ እርምጃው ሁለት ቤት መራመድ አይፈቀድለትም። ንጉሡም ከየተጫዋቹ በኩል ሲታይ ከመካከለኛው መሥመር በስተ ቀኝ ስለሚቆም፥ ፊት ለፊቱ የሚያየው የባላጋራውን ንጉሥ ሳይሆን ፈርዙን ነው።

ቼዝ የሚያውቅ ተማሪ ይህን ሲሰማ «የኛ ጨዋታ ሕግ ተለውጧል» ይል ይሆናል። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። በአውሮፓ ሰዎች በ15ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ደካማውን ፈርዝ አንሥተው በገበታው ሁሉ የምትሮጠውን ንግሥት አደረጉት፤ ፊልንም ረጅም መንገድ ሰጡት። እኛ አሮጌውን እርምጃ ይዘን ቀረን። ታዲያ እኛም ዝም ብለን አልተቀመጥንም። ከሌላው ዓለም የሚለየንን አንድ ነገር ጨመርን፤ እርሱም ወረራ ይባላል።

ወረራ እንዲህ ነው። ጨዋታው ሲጀመር ተራ የለም። ሁለቱም ተጫዋቾች ባንድ ጊዜ፥ እንደ ፈቀዱና እንደ ፈጠኑ፥ ሠራዊታቸውን ያንቀሳቅሳሉ። አንዱ ሦስት ጊዜ ሲያንቀሳቅስ ሌላው አንድ ጊዜ ቢያንቀሳቅስ የሚከለክለው የለም። ከሁለቱ አንዱ የመጀመሪያውን ምርኮ በወሰደ ጊዜ ወረራው ያበቃል፤ ከዚያ በኋላ ተራ በተራ ይሆናል።

ጓደኞቼ፤ ቼዝ ለምዶ ሰንጠረዥን ለመማር የሚቀመጥ ሰው ሦስት ነገር እንዲያስብ እመክረዋለሁ።

አንደኛ፥ የሚያውቀውን ዋጋ እንደገና ይመዝን። ንግሥት በሌለችበት ገበታ ታላቁ ኀይል ደር ነው። ፊልማ ጉልበቱ እጅግ የተወሰነ ነው። ማንም በወረቀት ላይ 64 ቤት ሠርቶ ቢቈጥር፥ አንድ ፊል በሕይወቱ ሁሉ ሊረግጥ የሚችለው ቤት፥ የቆመበት ጭምር፥ ስምንት ብቻ ሆኖ ያገኘዋል። ሁለታችን ያሉን አራት ፊሎችም እያንዳንዱ የራሱ ስምንት ቤት ስላለው እርስ በርሳቸው ከቶ አይገናኙም። ይህን ያልቈጠረ ሰው ፊሉ የማይደርስበትን ቦታ ሲጠብቅ ይውላል።

ሁለተኛ፥ በወረራ ጊዜ ዓይኑን ከባላጋራው እጅ አያንሣ። ቼዝ ተጫዋች ተራው እስኪደርስ ማሰብ ለምዷል። በወረራ ግን የሚጠበቅ ተራ የለም፤ ባላጋራው መደቆቹን ወደ ግራ ሲያከማች ካየ የራሱን አሰላለፍ ወዲያው ማስተካከል አለበት። መቸኰልም ጉዳት አለው። መጀመሪያ የማረከው ሰው ወረራውን ይዘጋል፤ የሌላውም ተራ ይጀምራል። የራሱ ሰልፍ ሳይዘጋጅ አንድ መደቅ ለመማረክ የጓጓ ሰው በገዛ እጁ የዝግጅቱን ጊዜ ጨረሰ ማለት ነው።

ሦስተኛውና ዋናው የአጨራረሱ ወግ ነው። በሰንጠረዥ ሠራዊቱ ሁሉ አልቆ ብቻውን የቀረውን ንጉሥ ማት ማለት አይፈቀድም። ደግሞም በደር ወይም በፈረስ ማት ማለት እንደ ጥበብ አይቈጠርም ነበር፤ በፊል ወይም በፈርዝ ያሸነፈ ይመሰገናል፤ በመደቅ ያሸነፈ ግን ከሁሉ ይልቅ ይደነቅለታል። እንግዲህ ያገኘውን ሁሉ እየማረከ የሚሄድ ሰው በመጨረሻ ባዶ ንጉሥ ፊት ቆሞ ድሉን ያጣል። ለማሸነፍ የሚሻ ለባላጋራው ጥቂት ሠራዊት ሊተውለት ግድ ነው።

ምናልባት «ይህ የጥንት ነገር ነው፤ ለኛ ምን ይጠቅመናል?» የሚል ይኖር ይሆናል። መልሴ እንዲህ ነው። ዛሬ ከኛ መካከል በስልክና በኮምፒዩተር የታሪክና የጦርነት ጨዋታ የማያውቅ ጥቂት ነው። «ሲቪላይዜሽን» በሚባለው ጨዋታ ስድስተኛ ክፍል ላይ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2020 ጀምሮ ኢትዮጵያ በዳግማዊ ምኒልክ መሪነት ተጨምራለች። በዚያም ከዐለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ማነፅ ይቻላል፤ በአጠገቡ ተራራና ኮረብታ በበዛ ቍጥር የእምነት ነጥብ ይጨምራል። ይህን የደነገጉት ላሊበላን በዓይናቸው ሳያዩ ሊሆን ይችላል፤ እኛ ግን ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ ሥር ሆነን በየቀኑ እናያታለን። ዐለቱን ከላይ ወደ ታች የፈለፈለ ጠራቢ አንድ ጊዜ አብልጦ ቢቈርጥ መልሶ የሚቀጥለው ድንጋይ እንደሌለው እናውቃለን። ይህ በነጥብ አይገለጽም።

ታዲያ ማማረር አይበቃም። የእነዚህ ጨዋታዎች ተጫዋቾች ሕጉን ራሳቸው ለውጠው ለሌላው ያካፍላሉ፤ የተለወጠውንም «ሞድ» ይሉታል። ሕጉን ለመለወጥ ግን አስቀድሞ ሕጉን ጠንቅቆ ማወቅ፥ ሒሳብና የኮምፒዩተር ትምህርት መማር፥ ታሪኩንም ከሽማግሌና ከመጽሐፍ መጠየቅ ያስፈልጋል። አያቶቻችን ከውጭ የመጣውን ጨዋታ ተቀብለው ወረራን እንደ ጨመሩበት፥ እኛም እንዲሁ ልናደርግ እንችላለን።

የተለወጠ ሕግ አለመማር የሚያስከፍለውን ዋጋ የገዛ አገራችን ታሪክ ይነግረናል። የዋግና የላስታ ገዥ የነበሩት ዋግሹም ጎበዜ ከዐፄ ቴዎድሮስ ሞት በኋላ በ1860 ዓ.ም. ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ። በ1863 ዓ.ም. ሐምሌ ወር በዐድዋ አጠገብ ከካሳ ምርጫ፥ ከኋላው ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ጋራ ተዋጉ። የዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ሠራዊት በቍጥር እጅግ ይበልጥ ነበር። ካሳ ግን ከመቅደላ ዘመቻ የተመለሱት እንግሊዞች የሰጧቸው መድፍና ጠመንጃ ነበራቸው፤ ወታደሮቻቸውንም ጆን ኪርካም የተባለ እንግሊዛዊ አሠልጥኗቸው ነበር። የጦርነቱ ሕግ ተለውጦ ነበርና ብዛት አላዳነም፤ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተማረኩ።

ክቡራን ወላጆች፤ ጦርነትን በጨዋታ ስም ማንሣቴ እንዳያሳዝናችሁ እለምናለሁ። እኛ ልጆቻችሁ ጦርነትን ከገበታ ላይ ብቻ አላወቅነውም። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነት ላሊበላ ገባ፤ እስከ 2014 ዓ.ም. ታኅሣሥ ድረስ ከተማችን ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈች። ትምህርት ተቋረጠ፤ መብራት ጠፋ፤ በእንግዳ የሚተዳደረው ቤት ሁሉ ተቸገረ። ከዚያም ወዲህ ሰላሙ ሙሉ ሆኖ አልሰነበተም። በዚያ ጊዜ የወደቀ ሰው እንደ መደቅ ተለቅሞ በማግሥቱ ከገበታው ላይ አይሰለፍም።

የባዶውን ንጉሥ ወግ ከሁሉ አብልጬ የምወድደው ስለዚህ ነው። ወጉን የሠሩት ሰዎች ራሳቸው የጦር ሰዎች ነበሩ። እንዲያም ሆኖ ባላጋራን ፈጽሞ መግፈፍ ድል እንዳይባል በጨዋታቸው ደነገጉ። በእውነተኛው ጦርነት ሁሉ ይህን ጠበቁ ለማለት አልደፍርም። በጨዋታ የሚማረው ልጅ ግን ወሰን የሚባል ነገር መኖሩን ከልጅነቱ ያውቃል። ለገና በዓል በሜዳችን ላይ ስንጫወት በዕሩር የተመታ ሰው ቂም እንደማይዝ ሁሉ፥ ይህም እንዲሁ ነው።

ስለዚህ በታሪክ ክበባችን ስም አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ገበታው ክንድ ከስንዝር ጨርቅና ጥቂት ጥብጣብ ይበቃዋል፤ መደቁንና ፈረሱን በእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ ከእንጨት ልንጠርባቸው እንችላለን። ወላጆች ጨርቁን፥ መምህራን ጥቂት ሰዓት ቢሰጡን፥ በሚመጣው ዓመት በዓል ላይ የመጀመሪያውን የሰንጠረዥ ውድድር ልናሳያችሁ እንሞክራለን። በመንደራችሁ ይህን ጨዋታ ከአባቱ የሰማ ሽማግሌ ወይም አሮጊት ካለ ደግሞ እባካችሁ አስታውቁን፤ ደብተራችንን ይዘን እንመጣለን።

ወረራው ሲጀመር እንድንጮህና ምክር እንድንሰጥ ተመልካቾችን ከወዲሁ አስፈቅዳለሁ። በራስ ወልደ ሥላሴ ፊት እንኳ ዙሪያውን የተቀመጠው ሰው ዝም አላለም ነበርና።

 ለትምህርት ቤታችን ረጅም ዕድሜ፥ ለአገራችን ሰላም እየተመኘሁ ንግግሬን እፈጽማለሁ።