የቤተ መንግሥት ቃልና የበየዳ ተራራ



ጥቅምት 25 ቀን 2013 ዓ.ም. ሌሊት ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ሠራዊቱ በሰሜን እንዲዘምት መታዘዙን ካስታወቁባቸው መንገዶች አንዱ ፌስቡክ ነበር። በዚያው ዕለት በትግራይ ስልክና ኢንተርኔት ስለ ተቋረጠ፣ ነገሩ ከሁሉ ይልቅ የሚመለከተው ሕዝብ ቃሉን በዚያ መንገድ ሊሰማው አልቻለም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥም ያው ሆነ።

ስለ ቃሉ ይዘት ሌሎች ይናገሩ፤ እኔ በሙያዬ ስለ ክብደቱ ልናገር። የጽሕፈት ቤቱ መግለጫ ብዙ ጊዜ የሚወጣው የደብዳቤ ምስል ሆኖ ነው። አንድ የግእዝ ፊደል በተለመደው የኮምፒዩተር አጻጻፍ 3 ባይት ይይዛል፤ እንግዲህ 1,000 ፊደል 3,000 ባይት ነው ማለት ነው። የደብዳቤው ምስል ግን በመቶ ሺሕ የሚቈጠር ባይት ሊይዝ ይችላል። ለአዲስ አበባ ሰው ልዩነቱ ከቁም ነገር አይገባም። ራስ ዳሸን ባለባት በበየዳ፣ ተራራው ሞገዱን በሚጋርድበት ሸለቆ ለሚያስተምር መምህር ግን ነገሩ የመድረስና ያለመድረስ ጉዳይ ነው።

ነጋሪት ጐሳሚው የሰማው ላልሰማው እንዲያሰማ ያዝዝ ነበር። ጽሑፍ ከሆነ መምህሩ ቀንሶ በአጭር መልእክት ለጎረቤት ቀበሌ ያስተላልፋል፤ ምስሉን ግን አይችልም። (አንዱ አጭር መልእክት በላቲን ፊደል 160፣ በእኛ ፊደል 70 ብቻ መያዙ ራሱን የቻለ ቅሬታ ነው።)

ማኅተሙ ለእምነት ያስፈልጋል የሚሉኝ አሉ። በምስል ላይ ያለ ማኅተም ግን ማንም ሊቀዳው የሚችል ነው።

ስለዚህ ጽሕፈት ቤቱ መግለጫውን አስቀድሞ በጽሑፍ እንዲያወጣ፣ በዚያው ሰዓትም ለሬዲዮ ጣቢያዎች እንዲልክ ማኅበራችን በደብዳቤ ይጠይቅ እላለሁ። ደብዳቤውንም በምስል አንላከው።